የአሥራ አንድ ቀን ሻይ

በ2008 ዓ.ም. ጥር ላይ ሚዛን ያለው የሃምሳ አለቃ በዛብህ ቤት ቤት መሆኑ ቀርቶ የጦር ሰፈር ሆኖ ከረመ። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ካርታ ተለጠፈ። ከሚዛን ቦንጋ፣ ከቦንጋ ጅማ፣ ከጅማ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወዲያ ደብረ ዘይት ድረስ መንገዱ በቀይ ተሰምሯል፤ ቁርስ የሚበላበት፣ ምሳ የሚበላበት፣ ይቅርታ ይደረግልኝና ሽንት የሚሸናበት ሳይቀር በሰማያዊ ተከቧል። ይሄ ሁሉ ሽር ጉድ ታዲያ ለሁለት ሰው ነው። አባትና ልጅ አንድ አዲስ አበባ፣ አንድ ደብረ ዘይት ያሉ ሁለት የጦር ሙዚየሞች አይተው ሊመለሱ ነው።

ልጅቱ ረድኤት ትባላለች። መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቅ ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን አስቀምጣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ትጽፋለች። የመሬት ክርክር ያለበት፣ መታወቂያ የጠፋበት፣ የልጁ ስም ትምህርት ቤት ውስጥ የተሳሳተበት ሁሉ አግዳሚ ወንበሯ ላይ ተራ ይዞ ይቀመጣል። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከጅማ አልፋ አታውቅም። አባቷ “ግዳጅ” ባሉ ቁጥር እሷ አዲስ አበባን ታያለች፣ ሥራ ሁሉ ከእጇ ይወድቃል።

ልምምድም ነበረው። ሃምሳ አለቃ ሻንጣ አሸክመው ከቤት እስከ መናኸሪያ አስኬዷትና ሰዓታቸውን አይተው አሥራ ስምንት ደቂቃ ብለው መዘገቡ። በማግስቱ ዝናብ ጣለ፤ ጭቃው ላይ ደግመው ሞከሩት፤ ሃያ ሁለት። የሰፈሩ ሰው ምን መጣብን ብሎ በየደጁ ወጥቶ ያይ ነበር። ረድኤት መጀመሪያ አፈረች፤ ኋላ ግን ራሷ፣ አባባ በሩጫስ ብንሞክረው ማለት ጀመረች።

ሌላው ጣጣ የስም ነገር ነው። ሃምሳ አለቃ ስም ያልተጻፈበት ዕቃ ነገ የሌላ ሰው ነው ባይ ናቸው፤ ከጦር ሜዳ ይዘውት የመጡት አመል ነው። ኮዳቸው ላይ በሚስማር፣ ጃንጥላቸው ላይ በክር፣ ወንበሩ ላይ በቀለም “በዛብህ አስፋው” ተብሏል። የወጥ ማማሰያው እጀታ እንኳ አልቀረለትም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማናልሞሽ፣ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔም ላይ ተኝቼ ሳለሁ ጽፎብኝ እንደሆነ አላውቅም እያሉ ይስቃሉ። ለስንቅ የተለየው የማር ጣሳም ላይ ስም ተጽፎበታል። ማሩን በየዓመቱ የምታመጣው ከሚዛን ራቅ ብላ ካለችው ከጌጫ የምትመጣው ወለተሥላሴ ናት። ረድኤት አክስቴ ትላታለች፤ ዝምድናው በየት በኩል እንደሆነ ግን ጠይቃ መልስ አግኝታ አታውቅም።

የጉዞው መነሻ አንድ ፎቶ ነው። ሃምሳ አለቃ በሰሜን ግንባር መድፈኛ ነበሩ። ሠራዊቱ ሲበተን መታወቂያቸውንም ወረቀታቸውንም መንገድ ላይ አቃጥለው ባዶ እጃቸውን ነው እዚህ አገር የገቡት፤ ስለዚህ የሚያወሩትን የሚመሰክርላቸው አንድም ነገር የለም። ይሄን ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ሸምሱ ነው፣ የሻይ ቤቱ ባለቤት። በየጠዋቱ፣ ሃምሳ አለቃ ዛሬስ ስንት መድፍ ተኮስን ይላቸዋል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ረድኤት ግን አንድ ቀን ሳቁ ካለቀ በኋላ ፊታቸውን አይታዋለች። ከዚያ ወዲያ በሕይወቷ አንድ ነገር ብትመኝ የሸምሱን አፍ ማስያዝ ነበር።

እና ቴዲ መጣ። ቴዲ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ የሚመላለስ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ጭነት የሚያራግፍበት መጋዘን ጎን የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ያቋቋማት ባለ ሁለት ክፍል ሙዚየም አለች፤ ተራ እስኪደርሰው ገባ ብሎ ሲያይ አንድ ነገር አገኘና በስልኩ አንስቶ አመጣው። ወጣት ወታደር መድፍ ተደግፎ፣ ቆቡን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ይስቃል። ከሥሩ “ሃምሳ አለቃ በዛብህ አስፋው፣ ሰሜን ግንባር፣ 1980 ዓ.ም.” ይላል።

ረድኤት ስልኩን ይዛ ባለጉዳዮቿን ጥላ ወደ ቤት በረረች። በዚያው ቀን ፎቶውን አሳድጋ አትማ፣ ስሙን በትልቁ ጽፋ፣ በፕላስቲክ አልብሳ ሱቋ መስታወት ላይ ለጠፈችው። ከተማው ተገልብጦ መጣ ማለት ይቻላል። አፍንጫው ቁርጥ አንቺን ያላላት ሰው የለም። ወይዘሮ ማናልሞሽ ብቻ ፎቶውን አተኩረው አይተው፣ እንዲህ ያለ ቆንጆ ነበር እንዴ፣ እኔ ጋ እስኪደርስ ምን አደረጉት አሉ።

ሃምሳ አለቃስ? የቴዲን ስልክ ተቀብለው መስታወቱን በእጅጌያቸው ጠረጉና ለረጅም ጊዜ አዩት። የት ነው ያለው ብለው ጠየቁ፤ ሌላ አልተናገሩም። በማግስቱ ካርታው ግድግዳ ላይ ወጣ። ረድኤት ደስታ አፋቸውን ዘጋው ብላ አሰበች። ሸምሱም ቢሆን አንገቱን ደፍቶ፣ ሲያጥላላቸው የኖረውን ሁሉ ይቅር በለኝ ብሎ በሩ አጠገብ ያለችውን ነፋሻ ወንበር ለቀቀላቸው። ሻዩን ራሱ እያመጣ ያቀርብላቸው ጀመር። እሳቸው ግን የጦር ሜዳ ወሬያቸውን ትተው ሻያቸውን ብቻ ይጠጣሉ። ክብር ሲመጣ ሰው ጨዋ ይሆናል አለች ልጅት በሆዷ።

እሷ ያቀደችው ይሄን ነው፤ አባቷን እዚያው ፎቶው ጎን ልታቆማቸው፣ ቆባቸውን ወደ ኋላ ልትገፋ፣ እንደዚያው እያሳቀች ልታነሳቸው። ያንን አትማ ደግሞ ሸምሱ ግድግዳ ላይ ራሷ በሚስማር ልትመታው። ቅዳሜ ሊሄዱ ነው፤ ቀኑን በጣቷ ትቆጥር ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሃምሳ አለቃ ሱቁ መጡ። ሁለት ባለጉዳይ ነበር። አባባ ግባ ብትላቸው በእጃቸው ከለከሏትና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተራ ይዘው ተቀመጡ። ልብሳቸው ተተኩሷል፤ ጢማቸው ተላጭቷል። ተራቸው ሲደርስ ፊት ለፊቷ እንደማንኛውም ባለጉዳይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

ማመልከቻ እንደሚፈልጉ፣ ለሙዚየሙ እንደሆነ ነገሯት። ረድኤት ሳቋ እየመጣ አድራሻውን መታች። ለካ ለጉብኝቱም ማመልከቻ ሊያስገቡ ነው፣ ይሄ የጦር ሰፈር አመል አይለቅም እያለች። “ጉዳዩ” የሚለው ላይ ደርሳ ቀና አለች።

“ስም እንዲስተካከል ስለመጠየቅ” አሉ።

የአባትህን ስም አሳስተውት ነው ብላ ጠየቀቻቸው። ሃምሳ አለቃ መስታወቱ ላይ ወዳለው ፎቶ ዞሩ።

“ሰውዬው እኔ አይደለሁም” አሉ።

የሚስቀው ልጅ ከፈለኝ ይባላል። የጌጫ ልጅ ነው። አንድ መድፍ ላይ ሁለት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ፎቶውን ከፈቃድ ሲመለስ አሳጥቦ ለእሳቸው ሰጣቸው፤ እሳቸውም እንደ ኮዳቸው፣ እንደ ብርድ ልብሳቸው፣ ጀርባው ላይ ማዕረጋቸውንና ስማቸውን፣ ግንባሩንና ዓመቱን ጻፉበት። በሦስተኛው ወር ከፈለኝ እዚያው መድፉ ሥር፣ ከእሳቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ወደቀ። ሠራዊቱ ሲበተን ፎቶው ከነሻንጣው ቀረ። የተቃጠለ ይመስላቸው ነበር። ያገኘው ሰው ግን አስቀመጠው፤ ሙዚየሙም ጀርባውን አንብቦ ፊቱ የእሳቸው ነው ብሎ ሰቀለው። ይሄ ነው ነገሩ። ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ጎጃም መግባት ሲገባቸው መጀመሪያ ጌጫ የመጡትም የከፈለኝን መርዶ ለማድረስ ነበር፤ መጥተው ቀሩ። ወለተሥላሴ የእሱ እህት ናት።

ረድኤት እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። ያፈረችው ለራሷ ይሁን ለአባቷ መለየት አቃታት። ከሁሉ በፊት የመጣባት የሸምሱ ጥርስ ነው። ነገ ይሄን ቢሰማ ለቀሪ ዕድሜያቸው መሳቂያ እንደሚሆኑ፣ ሌላ ማስረጃ ደግሞ በዓለም ላይ እንደሌላቸው አሰበች። ተናድዳም ነበር። ለምን ያን ዕለት አልተናገርክም አለቻቸው፤ ድምፅዋ ከፍ ብሎ አግዳሚው ላይ ያሉት ዞሩ።

“ልናገር ነበር። ሸምሱ ወንበሩን ለቀቀልኝ፣ ሻይ አመጣልኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። አሥራ አንድ ቀን በከፈለኝ ፊት ሻይ ጠጣሁ።”

ዐይናቸው እንባ አቅርሯል። ረድኤት አባቷን እንዲህ አይታቸው አታውቅም። ይቅር፣ ከእኛ በቀር ማንም አያውቅም የሚል ነገር አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ መልሳ ዋጠችው። ከዚያ ሥራዋ የሚጠይቀውን ጠየቀች። መሥሪያ ቤት ያለ ምስክር አይሰማም፤ ፊቱን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ ወይ አለቻቸው።

ወለተሥላሴ አለች አሉ። ዛሬ ጠዋት ስልክ ደውለው ሁሉንም ነግረዋታል፤ አውቶቡሱ ላይ ሦስተኛ ወንበር ይዘውላታል። የወንድሟ ፎቶ አንድ እንኳ በእጇ የለም። ሲነግሯት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤

“ይስቃል?”

ረድኤት አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ መጻፍ ጀመረች። እንደዚያ ቀን ፈጥና ጽፋ አታውቅም። አንድ ገጽ ሞላ፤ ሃምሳ አለቃ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ፈረሙ። ተነሥተው ፎቶውን ከመስታወቱ ላይ ላጡትና ከኪሳቸው በየዕቃው ላይ ስማቸውን የሚጽፉበትን ጥቁር ማርከር አወጡ። “በዛብህ አስፋው” የሚለውን ሰረዙ፣ ከሥሩ “ወታደር ከፈለኝ፣ የጌጫ ልጅ” ብለው ጻፉ። ከዕቃ ላይ ስማቸውን ሲሰርዙ ልጃቸው ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

ፎቶውን ይዘው በቀጥታ ሸምሱ ዘንድ ሄዱ፤ ረድኤትም ሱቋን ሳትዘጋ ተከተለቻቸው። በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ አልተቀመጡም። መሀል ላይ ቆመው ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አሥራ አንዱን ቀን ጨምረው ተናገሩ። ሸምሱ ፎቶውን ተቀብሎ አዲሱን ጽሑፍ አነበበ። ረድኤት ጥርሷን ነክሳ ሳቁን ጠበቀች።

“ታዲያ የአንተ ፎቶ የታለ?” አለ ሸምሱ።

“እኔማ አለሁ” አሉ ሃምሳ አለቃ።

የሳቀ ሰው አልነበረም። ሸምሱ ፎቶውን በፎጣው ጠርጎ ስኳር መደርደሪያው ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት ቦታ አቆመው። ሻይ ቀዳ። ወንበሯን ሳበላቸውና በቀስታ፣ በስንት ሰዓት ነው የምትነሱት ብሎ ጠየቀ። ሃምሳ አለቃም እንደ ድሯቸው ጀመሩ፤ ወለተሥላሴ ማር ሳትይዝ አትመጣም፣ ጭነት ይጨምራል፣ ስለዚህ ከቤት እስከ መናኸሪያ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ዕቅዱ በሙሉ መታረም አለበት አሉ። ረድኤት ቀይ እስክሪብቶ ልታመጣ ሮጠች። ቤት ገብታ ካርታው ላይ አዲስ መስመር አሰመረች፤ መንገዱ ከሚዛን ሳይሆን ከጌጫ፣ ከወለተሥላሴ ደጅ ጀመረ።