ስም የሌለው መርዶ

ያርጋል ደባርቅ ገበያ ዳር፣ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋል። እማማ ዓለምዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ጌሿቸውን ሸጠው ሲጨርሱ መጥተው አጠገቡ ይቀመጣሉ። ፊደል ስላልቆጠሩ ቤሩት ያለችው ልጃቸው ጽጌሬዳ የምትጽፍላቸው በያርጋል ፌስቡክ ነው።

መስከረም ላይ፣ አንድ ሐሙስ፣ አብሮት የሚሰፋው ቻላቸው ስልኩን ይዞ ሳቀ።

“ይችን ስማ! ሰው ስሙን ደብቆ ምስጢሩን የሚዘረግፍበት ገጽ ላይ ናት። ‘ጓደኛዬ እዚህ ቤሩት ከሞተች ስምንት ወሯ። እናቷን ማርዳት ቢያቅተኝ በእሷ ስም እጽፋለሁ። እናትየው ማንበብ አይችሉም፤ አንድ ልብስ ሰፊ ያነብላቸዋል።’ አልቅሶ ላይክ ለቀማ! ባለፈው ‘ባሌን መረዝኩት’ ያለችዋ እንኳ ወንድ ሆና ተገኘች።”

የያርጋል እግር የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ቀረ። ጽጌሬዳ ከጥምቀት ወዲህ ድምፅ ልካ አታውቅም፤ “ማይኩ ተበላሽቷል” ትላለች። ግን ልብስ ሰፊ የሌለበት ከተማ፣ ማንበብ የማትችል እናት የሌለችበት አገር የት አለ?

ማታውን የእማማን የነፍስ አባት፣ አባ ወልደ ገብርኤልን፣ ከደጀ ሰላሙ አገኛቸው።

“ማን ነገረህ?” አሉት።

“አላውቀውም አባ። ስም የለውም።”

“እውነት ከሆነ ልጅቱ ያለ ፍትሐት፣ ያለ ተዝካር ቀርታለች። ውሸት ከሆነ ደግሞ በቁሟ ላለች ልጅ እናቷን ደረት ልናስመታ ነው። ስም በሌለው ሰው ቃል መርዶ አልነግርም። የተናገረውን ሰው ስም አምጣልኝ፤ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ዘመዱን ሰብስቤ እኔው እሄዳለሁ።”

ያርጋል ለጽጌሬዳ ጻፈ፦ “ጽጌሬዳ ካልሆንሽ ስምሽን ብቻ ንገሪኝ። አልቆጣሽም።”

መልእክቱ መነበቡ ታየ። መልስ እየተጻፈ መሆኑን የሚያሳዩት ሦስት ነጥቦች ብቅ አሉ፤ ተመልሰው ጠፉ። ዓርብ ሲከፍተው ፎቶዋም የለም፤ እንዳያገኛት ዘግታበታለች።

“ተቀይማህ ነዋ!” አለ ቻላቸው። “‘ሞተሻል ወይ?’ ተብሎ ይጠየቃል?”

ያርጋልም እንዲያ ቢሆን ተመኘ። ለአባ የሚወስደው ስም ግን አላገኘም።

ቅዳሜ ንጋት ለቅሶ አልተሰማም። እማማ ዓለምዬ እንደ ወትሮው ጌሿቸውን ሸጠው መጡ።

“እህ ያርጋልዬ፣ ምን አለችኝ?”

ስልኩን አወጣ። እንዳልጻፈች ሊነግራቸው አፉን ከፈተ፤ እሳቸው ግን ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው ወደሱ ጎንበስ ብለዋል።

“ደህና ነኝ እማ ትላለች... ክረምቱ እንዴት ወጣላችሁ? አጥሩን ማን አጠረልሽ? ያ ቡችላ... ዛሬም ያርጋልን ሲያይ ይጮህበታል ወይ?”

እማማ እስኪያስላቸው ሳቁ። “ውይ ልጄ! ያ ውሻ ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ አሁንም ቡችላ ትለዋለች! ስንት ወር ደረቅ ደረቁን ስትጽፍልኝ ከረመች፤ ዛሬስ የራሷ አፍ ነው።” ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። “እስቲ ድገምልኝ።”

የስልኩ መብራት ጠፍቷል። ያርጋል ከተናገረው አንድ ቃል እንዳያጓድል እየተጠነቀቀ፣ በጠቆረው መስታወት ላይ ጣቱን እያስኬደ እንደገና አነበበላቸው።