ጋዝና ትንፋሽ

ኦቦ ሆርዶፋ ቀዩን እርሳስ እንደ ጦር ጨብጠው ገጽ አርባ ሁለትን ከጥግ እስከ ጥግ ሰረዙት። ወረቀቱ ተቀደደ። ሲንቄ የራሷ ቆዳ የተቀደደ ያህል ጥርሷን ነከሰች።

«ይኼ ይውጣ» አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

መጽሐፉ የጀማሪዎች የክላርኔት መማሪያ ነው፤ አራት ዓመት ለፍታበታለች። አዲስ አበባ ያለው አሳታሚ ደግሞ የእኚህ ሽማግሌ ፊርማ የሌለበትን የኖታ መጽሐፍ አያትምም፤ ሠላሳ ዓመት አርታኢው እሳቸው ናቸው። ሁለት ጊዜ መልሰውባታል። ዛሬ ሦስተኛው ነው። እስከ አሥር ሰዓት የተፈረመበትን ገጽ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ካልላከች ተራዋ ለሌላ ይሰጣል። አሁን ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

ስለ ኦቦ ሆርዶፋ አምቦ ውስጥ የማይወራ የለም። በጉልምስናቸው በክላርኔት አንዲት ድምፅ ይዘው ሳይለቁ፣ ሚኒባስ ጉደር ደርሶ፣ ተሳፋሪ አራግፎ፣ ሌላ ጭኖ ተመልሷል ይባላል፤ ረዳቱም በእናቱ ይምል ነበር። ጭልሞ ጫካ ገብተው ቢነፉ ጉሬዛዎቹ ተሰልፈው አዳመጡ፣ አንዱ ከምት ወጥቶ ቢያጨበጭብ ግን ገላምጠው ከዛፉ አወረዱት የሚልም አለ። ሲንቄ ይኼኛውን ታምናለች። እሷንም አውርደዋታልና። በአሥራ አራት ዓመቷ፣ የሙዚቃ አስተማሪዋ ሳሉ፣ በወላጆች በዓል መሐል፣ ክላርኔቱን ከአፏ ነጥቀው «ይኼ ትንፋሽ ሾርባ አያበርድም» ብለዋታል። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ የነፋችው በንዴት ነው። በመቅድሟ እናቷን አመስግናለች፤ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ሳይቀር አመስግናለች። የእሳቸውን ስም ግን አንዴም አልጻፈችም። ሆን ብላ።

«ለምንድነው የሚወጣው?»

«ውሸት ስለሆነ።»

«ይኼ ሰባተኛው ልምምድ እኮ የእርስዎ ነው፣ ቲቸር!» «ቲቸር» የሚለው ቃል ካመለጣት በኋላ ምላሷን መቁረጥ አማራት።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ብርጭቆ ሙሉ የአምቦ ውሃ ይቀዳና ተማሪው ሳያቋርጥ በስትሮ ይነፋበታል። ውሃው በገዛ ጋዙ ስለሚፍለቀለቅ ሰነፍ ተማሪ ትንፋሹን አቁሞም የሚነፋ ይመስላል። መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶ በጆሮው ብቻ ይለያል፤ የቱ ጋዝ ነው፣ የቱ ሰው ነው? ሲንቄ አሥራ ሁለት ዓመት በዚህ አስተምራለች። «ጋዙ ሐቀኝነትን ያስተምራል» ብላ አራት አንቀጽም ጽፋለታለች።

ኦቦ ሆርዶፋ አንቀጾቹን በእርሳሱ ጫፍ ወጋ ወጋ አደረጓቸው።

«ያን ሰሞን ቧንቧ ከደረቀ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር፣ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ። እቤት የነበረው ከሠርግ የተረፈ አንድ ሣጥን የአምቦ ውሃ ነው። በእሱ አስነፋኋችሁ። ቧንቧው ሲመጣ ተውኩት። በቃ! አሁን ጌዶ ድረስ ብትሄጂ አስተማሪው ሁሉ ሕፃን ሰብስቦ ጋዝ ያስነፋል። የውሃ መጥፋት ዘዴ ሆኖ ቀረ!»

ልጃቸው ለንሳ ከጤና ጣቢያ ገና መመለሷ ነበር፤ ነጭ ጋወኗን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ ሳቀች። «አባዬ፣ ግማሹን ሸዋ ሲያስገሱት ኖረዋላ!»

የሲንቄ ፊት ነደደ። አሥራ ሁለት ዓመት። ስንቱን ልጅ፣ ስንቱን ጠርሙስ! ግን ከንዴቷ ሥር አንድ ሌላ ነገር ብቅ አለ፤ ያዘችው።

«እርስዎ ዘዴ ብለው ካላስተማሩኝ የእኔ ነው ማለት ነው። የራሴን አላወጣም።»

«ያንቺ ከሆነማ ባሰ። ጋዝና ትንፋሽ በጆሮ የሚለይ ፍጡር የለም። እኔ ራሴ መች ለይቼ!» በአገጫቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መስታወት አመለከቱ። «ጀርባዬን ሰጥቼ በዚያ ነበር ጉንጫችሁን የማየው።»

«እኔ ግን እለያለሁ።»

«ሂን ተኡ! አይሆንም።»

«ይንፉና ይዩኛ።»

ተያዩ፤ በሁለቱም ዓይን ምሕረት አልነበረም። እሳቸው ሦስት ጊዜ ሊነፉ፣ ሦስቴም ትንፋሻቸው የቆመበትን ቅጽበት ካወቀች ሊፈርሙ፣ አንዴ ከሳተች መጽሐፏን ጠቅልላ ልትሄድ ተስማሙ። ለንሳ ውሃውን ቀዳች፤ ሳትታዘዝም መስታወቱን አውርዳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ሲንቄ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

ብርጭቆው መፍለቅለቅ ጀመረ። በልቧ ቆጠረች። ሃያ ላይ ከወፍራሙ ድምፅ ሥር አንድ ነገር ሲጎድል ሰማች፤ የቀረው ቀጭን፣ ባለቤት የሌለው ፍጭጭታ ነው።

«አቆሙ።»

«እውነቷን ነው» አለች ለንሳ፤ ሳቋ ጠፍቷል።

ሽማግሌው በቁጣ አጉረመረሙ። ሁለተኛው አሥራ ሁለት ላይ ተቆረጠ። «አቆሙ።» አሁንም ልክ ነበረች።

«አባዬ፣ ይብቃዎት።»

«ዝም በይ! ቅጂ!»

በለንሳ ድምፅ ውስጥ የነበረው ስጋት ሲንቄን ጀርባዋ ላይ ነካት። ሦስተኛው ተጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስድስት ላይ አለቀ። ስድስት! ሚኒባስ ከጉደር ያስመለሰ ሳንባ! ጋዙ ብቻውን ያወራል፤ ሽማግሌው ስትሮውን እንደነከሱ መሆናቸውን ሳታይ አወቀች። አንድ ቃል ብትናገር ፊርማው የእሷ ነው። ሃያ ዓመት ስትስለው የኖረችው የሾርባው ስድብም ከዚያው ቃል ጋር ተጣብቆ ምላሷ ላይ መጥቷል፤ እዚህ፣ በልጃቸው ፊት። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ቆጠረች። ዝም ብትል ደግሞ የተሸነፈችው እሷ ናት፤ እሳቸውም እስከ ዕለተ ሞታቸው ይሥቁባታል።

ለመናገር አየር ሳበች።

«ትከሻሽን አታንሺ!» ብለው ጮኹ ኦቦ ሆርዶፋ ከኋላዋ። «በሆድሽ ነው እንጂ!»

ብርጭቆው ብቻውን መፍለቅለቁን ቀጠለ፤ ማቆማቸውን ራሳቸው ተናገሩ። ለንሳ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሲንቄ አልዞረችም፤ ትከሻዋ ግን፣ ሳታዘው፣ ቀስ ብሎ ወረደ።