ሁለቴና አዲሱ መኪና

አዲሱ መኪና ግቢ የገባ ዕለት ሁለቴ ምሳውን ሳይበላ ዋለ። ሁለቴ ስሙ አይደለም፤ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ ስለሚረግጥ የሥራ ጓደኞቹ ያወጡለት ቅጽል ነው። እሱም ወዶታል። የድሮ መኪና ካልተለማመጡት ማርሽ አይቀበልም፣ ይንጫጫል፤ በሁለቴ እጅ ግን ተንጫጭቶ አያውቅም። ዕድሜውን ሁሉ ሌላው የጠላውን መኪና እየተለማመጠ ኖሮ፣ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው የሚሠራበት የጭነት ድርጅት ማርሹን ራሱ የሚቀይር፣ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የሌለው ባለ ተሳቢ መኪና ገዛ። ሁለቴ የእሱ እንደሚሆን ቅንጣት ታህል አልተጠራጠረም። ወንበሩ ወገቡን እንደሚያሳርፍለት ለሚስቱ ሳይቀር ነግሯታል።

መኪናው ግን ለእህቱ ልጅ ተሰጠ።

ባዕድ ቢሆን ኖሮ ተሳድቦም አኩርፎም ይወጣለት ነበር። እህቱ ስትሞት ልጁን አምጥቶ ከልጆቹ እኩል ያሳደገው እሱ ነው። አብልቶታል፣ አልብሶታል፣ ትምህርት ቤት ልኮታል፤ የነፈገው ነገር ቢኖር ሙያውን ብቻ ነው። ልጁ ጎረምሳ ሳለ አንድ ጊዜ ጋቢና አስቀምጦ መንገድ ይዞት ሄዶ ነበር። ለምን ሁለት ጊዜ እንደሚረግጥ ቢጠይቀው፣ ዝም ብለህ መንገዱን እይ ብሎ አለፈው። ሙያ በልብ ነው። እሱንስ ማን አስተምሮት ያውቃል? ረዳት በነበረበት ዘመን ጎማ ሲፈታ፣ ሸራ ሲያስር፣ ከመኪና ሥር ሲያድር ከርሟል፤ ሾፌሩ ግን የእግሩን አረጋገጥ እንዳያይበት ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ ይጥል ነበር። ሰው በሙቀት በሚቀልጥበት አገር እንኳ ያ ብርድ ልብስ አይነሳም። ሁለቴ መንዳት የተማረው በጆሮው፣ የሞተሩን ድምፅ እየሰረቀ ነው።

ልጁም ከአጎቱ ያጣውን ፍለጋ ማሠልጠኛ ገባ። ራት ላይ የዋለበትን ያወራ ነበር። አንድ ምሽት ተሳቢ ይዞ ወደ ኋላ መሄድ እንዳቃተው፣ አሠልጣኙ ግን ከመኪናው አስወርዶ ሁለት የክብሪት ሳጥን መሬት ላይ እየገፋ፣ ሳይቆጣ፣ እስኪገባው ድረስ ደጋግሞ እንዳሳየው ተናገረ። ሁለቴ እጁን ታጥቦ ተነሳ። ሚስቱ ምን ሆንክ ስትለው ጨው በዝቶበታል አላት። ጨው የበዛበት ነገር አልነበረም። ሳይቆጡ ማስተማር የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን በዚያ ዕድሜው መስማቱ ነው ያንገበገበው። ልጁ እዚያው ድርጅት ሳይቀጠር፣ መኪናውም ሳይመጣ ገና፣ መጀመሪያ የቀናው በክብሪት ሳጥን ነው።

እውነቱን ለመናገር የስምሪት ኃላፊው አልበደለውም። አዲሱን መኪና የሚይዝ ሰው ሥልጠና መውሰድ አለበትና ና ተመዝገብ ብሎት ነበር። ሁለቴ በስተርጅና ከጎረምሳ ጋር ፊደል ልቆጥር ነው ወይ ብሎ ጥሎ ወጣ። ከበሩ ውጭ ይለምኑኛል ብሎ ትንሽ ቆየ፤ ማንም አልተከተለውም።

ከዚያ ወዲህ አንጀቱ አረረ። ልጁ መኪናውን ከማስነሳቱ በፊት ዘወትር ዙሪያውን ይዞራል፤ ጎማ ይነካካል፣ መብራት ያያል፣ ጎንበስ ብሎ ከሥር ይመለከታል። ሁለቴ ከሻይ ቤቱ ደጃፍ ሆኖ፣ ሙሽራዋን እየዞራት ነው፣ ዛሬም አልደፈረም እያለ ሾፌሮቹን ያስቃል። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፣ ቆዩ ታያላችሁ ይላል። ሾፌሮቹ ይስቃሉ፤ ልጁም አብሮ ይስቃል። ይበልጥ የሚያበሳጨው ደግሞ የልጁ ሳቅ ነበር። ምናለ እንደ ሰው ቢያኮርፍ!

አንድ ጠዋት የግቢው ሠራተኞች ተሳቢውን ከመኪናው ጋር አያይዘው ሄዱ። ልጁ የመውጫ ወረቀት ሊቀበል ቢሮ ገባ። ሁለቴ ሰው እንደማያየው አረጋግጦ ወደ መኪናው ተጠጋ፤ እስከዚያ ቀን ከሩቅ በጎሪጥ ከማየት በቀር ቀርቦት አያውቅም። የበሩን ቀለም በመዳፉ ዳሰሰ። ቀናበት፤ በሰው እንደሚቀኑት ቀናበት። ወደ ኋላ አለፍ ሲል ዓይኑ አንድ ነገር ላይ አረፈ። ተሳቢውን ከመኪናው ጋር የሚይዘው መቆለፊያ በደንብ አልተዘጋም። ጥርቅም ብሎ መግባት የነበረበት እጀታ አንድ ጣት ያህል ወጣ ብሎ ቀርቷል።

የዚህን ትርጉም የማያውቅ ሾፌር የለም። እንዲህ ያለ መቆለፊያ ሜዳ ላይ እንደ ምንም ይዞ ይቆይና ዳገት ሲጀመር ይለቃል። ከግቢው በር ሲወጡ ደግሞ ያለው ዳገት ነው፤ ከሥሩ ሰው ተሰልፎ አውቶቡስ ይጠብቃል።

ልጁን መጥራት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። አልጠራውም። እዚሁ ግቢ ውስጥ ይለቃል፣ ተሳቢው በአፍጢሙ ይተከላል፣ ማንም አይጎዳም፣ ሰው ይስቃል፣ መኪናውም ለሚያውቅበት ይሰጣል አለ በልቡ። ግቢ ውስጥ እንደማይለቅ እያወቀ ነው እንዲህ የሚለው። ደግሞስ ልጁ ይዞር የለ? ያ የሚወራለት ሥልጠና ምን ይሠራል፣ እስቲ ያግኘው! እንዲህ ራሱን ሲደልል ልጁ ከቢሮ ወጣ።

ልጁ እንደ ልማዱ ከፊት ጀመረ። ጎማውን ነካካ፣ መብራቱን አየ፣ በወዲያኛው ጎን ሄዶ በወዲህኛው ተመለሰ። ሁለቴ እጀታው አጠገብ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ልጁ ሲያየው ፊቱ በራ።

"ጋሼ፣ እያየህልኝ ነው?"

"እምም" አለ ሁለቴ።

"አንተ ካየኸውማ በቃ፤ እኔ ምን እጨምርበታለሁ።"

አሠልጣኞቹ ከምንም በላይ እንዳትዘሉት ያሉትን ቦታ ዘለለው። በአጎቱ ፊት በአክብሮት ጎንበስ ብሎ አለፈና ጋቢና ገባ።

ሞተሩ ተነሳ። ሁለቴ የቆመበት ደርቆ ቀረ። ይህ ልጅ የማሠልጠኛውን ትምህርት ሁሉ በእሱ ዓይን ለወጠው። ሾፌሩ ሁሉ በሳቁ፣ ኃላፊው በልመናው ይሰጠኛል ብሎ ሲጠብቅ የኖረው ክብር ለካ ድሮውኑ ቤቱ ውስጥ፣ ከገበታው ማዶ ተቀምጦ ነበር። የፍሬኑ አየር ተነፈሰ፤ ጎማው ተንቀሳቀሰ። ሁለቴ ሮጠ። ወገቡን ያመው የነበረው ሰውዬ የት እንደ ደረሰ እንጃ፣ በሩጫ ደርሶ በሩን በጡጫ ይደበድበው ጀመር።

"ቁም! አልተቆለፈም!"

መኪናው ከግቢው በር ሳይወጣ ቆመ። ልጁ ወርዶ ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ አመድ መሰለ። ቀና ሲል ዓይኑ አውቶቡስ ወደሚጠብቁት ሰዎች ሄደ፤ ምኑንም ሳያውቁ ሰልፋቸውን ይዘው ያወራሉ። ሾፌሮቹ ከሻይ ቤቱ ሮጠው መጡ። ድሮም የሁለቴ ዓይን፣ ይህን የት ማሠልጠኛ ያስተምሩታል ተባባሉ። የስምሪት ኃላፊው ሳይቀር ወጥቶ እጁን ጨበጠው። ሲናፍቀው የኖረ ሙገሳ ነው፤ አሁን ግን እንደ እሬት መረረው።

ልጁ ሰዎቹ እስኪበተኑ ጠበቀ።

"ጋሼ፣ መቼ ነው ያየኸው?" አለው ቀስ ብሎ።

"አሁን" የምትለዋ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። ብትወጣ ኖሮ ልጁ ያምናት ነበር፤ ያምናት ስለነበረ ነው ሁለቴ ሊያወጣት ያልቻለው።

"ቢሮ ሳለህ" አለ።

ልጁ አልተቆጣም። ሁለቴ ቢቆጣው፣ ቢሰድበው ምንኛ በወደደ። "እሺ ጋሼ" ብቻ ብሎት ጋቢና ገብቶ መኪናውን ወደ ኋላ ገፋ፣ መቆለፊያው ጥርቅም ሲል ሰማ፣ ለማረጋገጥ ወደ ፊት ጎተት አደረገው። ከዚያ ወርዶ ከመኪናው ፊት ሄደና ዙሩን እንደ አዲስ ጀመረ። ጎማውን ነካካ፣ መብራቱን አየ፣ በወዲያኛው ጎን ሄዶ በወዲህኛው ተመለሰ፤ ሁለቴ ከቆመበትም ደረሰ።

"ጋሼ፣ ትንሽ ፈቀቅ በልልኝ" አለው፣ እንደ ወትሮው በትሕትና።

ሁለቴ ፈቀቅ አለ። ልጁም ጎንበስ ብሎ አጎቱ ቆሞበት የነበረውን ቦታ አየ።