የብርድ ጣሳው

«አባዬ! ይሄን ጣሳ ማነው እዚህ ያመጣው?»

ምድጃ ሠሪው አስናቀው መዶሻውን እንዳነሣ ቀረ። ልጁ መቅደስ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ እግሩ ሥር ከሚነደው ፍም አጠገብ ተንበርክካለች።

«እኔ ነኝ። ምነው፣ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ እንዴ?»

«ምን ይሞታሉ! ሰላጣውን ሙልጭ አድርገው በልተውታል!»

«እሰይ!» አለ አስናቀው። መቅደስ ግን እንባዋ መጣ።

ምን ያድርግ ታዲያ! ለመመረቂያ ጥናቷ ብላ የውሃ ቀንድ አውጣ በሁለት ጣሳ አመጣች። አንዱን ጣሳ ጎረቤታቸው ሐጀራ ሻይ ቤት፣ ሞቅ ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። እዚያ ያሉት ሲበሉና ሲንሸራሸሩ ይውላሉ። እሱ ቤት ያስቀመጠችው የሁለተኛው ጣሳ ምስኪኖች ግን በዚህ በሐምሌ ብርድ፣ ከቆርቆሮው ግድግዳ ሥር፣ ቅርፊታቸው ውስጥ ተሸጉጠው አይበሉ፣ አይላወሱ። ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም። ጉልበቱን ቁርጥማት የያዘው ሰው ብርድን ያውቃል፤ አንጀቱ አልቻለም። ጠዋት እንደወጣች እሳቱ ዳር አመጣቸው።

«የራባቸው መስሎኝ ነው፣ የኔ እናት።»

«እንደኛ አይደሉም እኮ! ውሃው ሲቀዘቅዝ ሰውነታቸውም ይቀዘቅዛል፤ ትንሽ አየር፣ ትንሽ ምግብ ይበቃቸዋል። ሲሞቃቸው ነው ሁሉ ነገራቸው የሚፈጥነው። በብርድ ምን ያህል እንደሚበሉ ነበር የምለካው። ካላስረከብኩ ደግሞ ዘንድሮ አልመረቅም።»

«የዛሬውንም እንደ ትናንቱ አድርገሽ ጻፊው። ማን ያያል?»

«እኔ አያለኋ!»

አስናቀው አፈረ። እሱም ቢሆን የተበሳ ምድጃ ደፍኖ አዲስ ነው ብሎ ሸጦ አያውቅም።

«እንደገና ብትጀምሪውስ?»

«እስከ አርብ ሳምንት ይደርስልኝ ነበር። ግን...» ፍሙን አየት አደረገች።

«ግን ምን?»

«የእሳቱ ሙቀት ጣሳው ያለበት ጥግ ድረስ ይደርሳል። ከመጀመሪያው እሳቱ ከዚህ ይውጣ ልልህ አስቤ፣ ጉልበትህን ሳይ አሳዘንከኝ።»

አስናቀው የፍም ምድጃውን በእጀታው አንጠልጥሎ፣ እያነከሰ ወደ ሻይ ቤቱ ተሻገረ።

«ሐጀራ፣ እስከ አርብ ሳምንት እሳቴን አንቺው ሙቂው።»

«ውይ ጋሼ፣ በዚህ ብርድ?»

«ይሁን ግድ የለም።»

ተመልሶ ጣሳውን በሁለት እጁ አነሣና ግድግዳው ሥር አስቀመጠው። ጋቢውን ኮቱ ላይ ደርቦ ከጎኑ ተቀመጠ።

«በይ ተነሺ» አላት፣ «ሌላ ሰላጣ አምጪላቸው።»