የአቶ አይዞሽ ወንበር

አንዲትን ልጅ ዕድሜ ልኳን ሥራ ፈት አድርጎ ለማስቀረት መምታት አያስፈልግም። ሥራዋን ከእጇ እየተቀበሉ «አይዞሽ፣ እኔ እጨርስልሻለሁ» ማለት ይበቃል። እኔን አቶ አይዞሽ እንደዚያ ነው ያደረገኝ፤ ለዚያውም ሰው እየመረቀው።

የዓይነ ስውራን ማሰልጠኛ ውስጥ የገመድ ወንበር ሽመና አስተማሪያችን ነበር። እኛ ሴቶቹ እሱ በሌለበት «አቶ አይዞሽ» እንለው ነበር። የወንበር መቀመጫ ሲሸመን መጀመሪያ ድሩ ከፊት ወደ ኋላ ይወጠራል፤ ከዚያ ማጉ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያለ ይገባል። ሦስት መስመር እንደዚያ ይሄድና አራተኛው ላይ ተራው ይገለበጣል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚያ ነው። እኔም እዚያ ስደርስ ጣቴ ይቆማል፤ በቆመ ቁጥር አቶ አይዞሽ ከች ይላል። ገመዱን ይቀበለኛል፣ «አይዞሽ ልጄ» ይላል፣ ያልቃል። በዓመቱ መጨረሻ እንግዶች ሲመጡ ስሜ የተለጠፈበት ወንበር አጠገብ አቁመው አጨበጨቡልኝ። ሳልዳብሰው መች ቀረሁ። «የእኔ አይደለም እኮ» ስለው ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ «አንቺ ማመስገን ብቻ ነው ያለብሽ» አለኝ። አመሰገንኩ።

የምስክር ወረቀቱን ይዤ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሄድኩ። አለቃው ወንበርና ገመድ ሰጠኝ፤ አራተኛው መስመር ላይ ቀረሁ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ «በቃ እህቴ፣ አትድከሚ» ብሎ እስከ በር ሸኘኝ። ከዚያ በኋላ እናቴ ቤት ሁለት ዓመት ቁጭ አልኩ። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ መስማት ነበር ሥራዬ።

ከዚያ ያወጣኝ ጎረቤታችን አናጢው ነው። እግሩ አንድ ነው፤ ምላሱ ግን የሁለት ሰው። «ለወንበር አራት አራት እግር እየሠራሁ ለራሴ አንድ አጣሁ» ይላል። አንድ ቀን መቀመጫ የሌለው ወንበርና አንድ ጥቅል ገመድ ፊቴ ጣለና «እኔ ሽመና አላውቅም፣ ልረዳሽ አልችልም፤ እንደፈለግሽ አድርጊው» ብሎኝ ሄደ። ስድስት ወር ሙሉ ገመድ ሳበላሽ ከረምኩና ተራውን ገለበጥኩት። ዛሬ ሁለታችን ሰባት ሠራተኛ ያለበት ሥራ ቤት አለን።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት አንዲት ሴት አባቷን እየመራች ገባች። ስኳር ዓይኑን ከወሰደው ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል።

«ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚውለው» አለችኝ። «ሥራ ካልያዘ ይሞትብኛል። ድሮ ሽመና ሲያስተምር ነው የኖረው፤ አሁን ያለ ዓይኑ እጁ እምቢ አለው።»

የያዝኩት የገመድ ጥቅል አምልጦኝ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። «አይዞሽ ልጄ» አለ ሽማግሌው፣ ሊያነሳልኝ እየዳበሰ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እሱ ግን አላወቀኝም፤ ድሮም የሚያውቀው ፊቴን ነበር።

«ወር ስጪኝ» አልኳት ልጅቱን። «በወሩ መጨረሻ አንድ ወንበር ብቻቸውን ከጨረሱ እቀጥራቸዋለሁ።»

እንዴት እንደምረዳው አውቅበታለሁ፤ ከራሱ ነው የተማርኩት። ሊቀመጥ ሲል ወንበር ከሥሩ አስጠጋለሁ፣ ውሃ ሲጠይቅ ብርጭቆውን ከንፈሩ ላይ አደርሳለሁ፣ የጫማውን ማሰሪያ እንኳ አስርለታለሁ። ሦስቱን መስመር ሲሠራ ዝም እላለሁ። አራተኛው ላይ ጣቱ ሲቆም ከች እላለሁ። «አይዞዎት ጋሼ፣ ይስጡኝ።» ገመዱን ስቀበለው እጁ ትንሽ ተከትሎኝ ይመጣና ይመለሳል። ያቺን መከተል በየቀኑ እጠብቃት ነበር፤ አልዋሽም። በሁለተኛው ሳምንት ገመድ መጠየቅ ተወ። በሦስተኛው ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ መደገፍ ጀመረ።

«ምነው እንዲህ ደግ ሆንሽ? አሞሻል እንዴ?» አለኝ አናጢው።

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ብዬ የሆነውን ነገርኩት።

መጋዙን አቆመ። «እኔ ያኔ ረድቼሽ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የት ነበርሽ?» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሰማሁት፤ አልተውኩም።

ወሩ ሲሞላ ልጅቱ መጣች። እኔ የጨረስኩትን ወንበር ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት።

«አባዬ፣ እንዴት ያምራል» አለች።

ጣቶቹ ገመዱ ላይ ሲሄዱ ይሰማኛል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ ቆሙ።

«ይሄ የእኔ አይደለም» አለ።

ይህችን ቀን ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ጆሮው ሥር ጠጋ ብዬ «እርስዎ ማመስገን ብቻ ነው ያለብዎት» አልኩት።

«ማሰልጠኛው ውስጥ ነበርሽ» አለኝ።

«አራተኛው መስመር ላይ» አልኩት።

እንዲያለቅስ ነበር የፈለግሁት። እሱ ግን «ቢላዋ ስጡኝ» አለ። ማንም አልሰጠውም፤ ራሱ ጠረጴዛውን ዳብሶ አገኘው። ገመዱ ጧ፣ ጧ እያለ ተበጠሰ። የሠራሁትን ሁሉ ከነድሩ ቆራርጦ ወለሉ ላይ ጣለው።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ደሜ ፈላ። በእሱ አይደለም። ጭብጨባ እየሰማች ያመሰገነችው ያቺ የሃያ ዓመት ልጅ ናት ያናደደችኝ። እሷንስ ቢላዋ ማን ከለከላት?

«ወደቀ ማለት ነው?» አለች ልጅቱ።

«ወሩ የሚጀምረው ዛሬ ነው» አልኳት። «እዚህ ቤት ከእንግዲህ አይዞዎት የሚላቸው የለም። እጃቸውን የሚነካም የለም።»

በየቀኑ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ መዳፎቼን ጭኔ ሥር አደርጋለሁ፣ እንዳይዘረጉብኝ። አራተኛውን መስመር አሥራ አንድ ጊዜ አፈረሰ። አንድ ቀን «ልጄ፣ እባክሽ አሳዪኝ» ብሎ ለመነኝ። ገመዱ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በአፌ ነገርኩት፤ እጄን አልሰጠሁትም። ያን ቀን አለቀሰ። ለቅሶው አንጀቴን አራሰው። በሃያ ስድስተኛው ቀን ተራው ተገለበጠለት።

ዛሬ ስምንተኛው ሠራተኛችን ነው፤ ጠዋት ጠዋት በትሩን ይዞ ብቻውን ይመጣል። ልጅቱ «ይቅር አልሽው?» ብላ ጠይቃኛለች። አላልኩትም። የመጀመሪያ ወንበሩን ግን ለገዢ አልሰጠሁም፤ እኔው ነኝ የምቀመጥበት። አራተኛው መስመሩ ጠማማ ስለሆነ ይጎረብጠኛል። በቀደም አንዷ ሠራተኛ አዝናልኝ «ላስተካክልልሽ» ብላ ጎንበስ አለች።

«እጅሽን ሰብስቢ» አልኳት።