የጋሽ ተክሉ ፕላኔት

ጋሽ ተክሉ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቶሮንቶን ሐበሻ ሠርግ ሲያነሱ የኖሩ ፎቶግራፈር ናቸው። ብዥ ያለ ፎቶ ካዩ ምግብ አይበላላቸውም። ታዲያ ልጃቸው ጸዮን ያን ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፗን አደራ ብላቸው መውጣቷ የማን ጥፋት ነው?

ጸዮን ፍሌሚንግደን ፓርክ ካለው ከአባቷ አፓርትመንት ሆና፣ ገና በመሸበት አውስትራሊያ ያለ ቴሌስኮፕ ታዛለች። የምትጠብቃት ፕላኔት በኮከቧ ፊት ስታልፍ ብርሃኑን ከመቶ አንድ እጅ ያህል ትቀንሰዋለች፤ ይህም የሚለካው ታህተ ቀይ በሚሉት፣ ዓይን በማያየው ብርሃን ነው። የመመረቂያ ሥራዋ በዚህች ጠዋት ላይ ተንጠልጥሏል። ከኮከቡ ጎን ሌላ ኮከብ አለ፤ ሁለቱም አብረው ከደበዘዙ አየሩ ነው፣ አንዱ ብቻ ከደበዘዘ ግን ፕላኔቷ ናት ብላ አስረዳቻቸው። ጋሽ ተክሉ ወዲያው ገባቸው፤ ሙሽራውና ሚዜው ማለት ነው።

የልብስ ማጠቢያው ሰዓት ደረሰና ጸዮን ምንም እንዳይነኩ አስጠንቅቃ ወደ ቤዝመንት ወረደች። እዚያ ሕንፃ ላይ ልብሱን ቶሎ ያላወጣ ሰው ወለል ላይ ተጥሎ ያገኘዋል።

ጋሽ ተክሉ ስክሪኑን አዩ። ሙሽራው ብዥ ብሏል። ልጄ ልትዋረድ ነው ብለው ደነገጡ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና፣ ፎከስ የሚለውን ጠቅ ጠቅ አደረጉት። ኮከቡ ጥርት አለ። ከደቂቃዎች በኋላ ግን ቀይ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ስንቴ እንደተጫኑት ቆጥረው ነበርና በዚያው ልክ መለሱት፤ ከዚያም እንዳላየ ሰው መስኮቱ ጋ ሄደው ቆሙ።

ጸዮን ተመልሳ ግራፉን ስታይ የልብሱን ቅርጫት ለቀቀችው። ፕላኔቷ ልትመጣ አርባ ደቂቃ ሲቀራት የሙሽራው ብርሃን ጎድጎድ ብሎ ተመልሷል፤ ሚዜው ግን ንቅንቅ አላለም። ኖርዝ ዮርክ ላለችው ባልደረባዋ ለዛህራ ኮል አደረገች። ማንም የማያውቃት ሁለተኛ ፕላኔት ሳትሆን አትቀርም ተባባሉ። ዛህራ ለፕሮፌሰሩ ኢሜይል መጻፍ ጀመረች፤ ጸዮንም አባቷን አቅፋ ሳመቻቸው።

ጋሽ ተክሉ ልጃቸው እንደዚያ ስትፈነድቅ ካዩ ዓመታት አልፈዋል። ዝም ቢሉ ማን ያውቅባቸዋል?

«ጸዮንዬ፣ ኢሜይሉን አቁሙት» አሉ። «ፎከሱን አስተካክዬልሽ ነበር።»

ብዥታው ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን ጸዮን እንባ እየተናነቃት ነገረቻቸው። ብርሃኑ አንድ ነጥብ ላይ ሲከማች፣ የሞላ ባልዲ የሚፈሰውን እንደማይዝ ሁሉ ካሜራውም የተረፈውን አይቆጥርም፤ ሚዜው ግን ብርሃኑ አነስተኛ ስለሆነ የእሱ ባልዲ አልሞላም። ጋሽ ተክሉ አፈሩ፤ መሬት ብትውጣቸው በወደዱ። ዛህራ ግን በስልኩ ውስጥ ሳቋ አመለጣት፤ ጸዮንም ሳትወድ ሳቀች። ኢሜይሉ ተሰረዘ፤ ለተበላሹት ሰባት ደቂቃዎች በምክንያትነት «አባቴ» የሚል ተመዘገበ።

ሰዓቱ ደረሰ። የሙሽራው ብርሃን ቀስ እያለ ዝቅ ማለት ጀመረ። ሚዜው እንዳለ ነው። ጸዮን ከግራፉ ቀና ብላ አባቷን አየች።

«አባዬ፣ ደግሞ ነካኸው?»

ጋሽ ተክሉ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«እንግዲያው ፕላኔቷ ናት» አለች።