አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ

ትልቁ ስክሪን ላይ «ስህተት፦ ዜሮ» ብሎ ሲወጣ ቢሮው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ዜሮ? በዚያ ሁሉ ጥድፊያ በተጻፈ ኮድ? የጻፍኩት እኔ አይደለሁም እንዴ! የእጄን አላውቀውም?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዋና ከተማችን ከኑኩአሎፋ ወደ ሃአፓይ ደሴቶች በምትሄደው መርከብ የሚሳፈረውን ሰው ስም የሚመዘግበውን ፕሮግራም የምንሠራው እኛ ነን። እስከዚያ አርብ ድረስ ምዝገባው በደብተር ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩ ሊቀር፣ ወደብ ላይ ያለችው ጸሐፊ በስልኳ ልትመዘግብ ነው። ስምህ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ባሕሩ ላይ አንድ ነገር ቢፈጠር ማንም አይፈልግህም፤ መኖርህን ማን ያውቃል? እናቴ ደግሞ የእህቷን ልጅ ልትድር ለሰርጉ የምትሰጣቸውን ምንጣፎቿን ጠቅልላ፣ በዚያችው መርከብ በአሥራ አንድ ሰዓት ልትሄድ ነው። «ኮዱ ተመርምሯል» የሚለው ወረቀት ላይ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የምፈርመው እኔ፣ ሌሲኤሊ ነኝ። ለሌላው ተሳፋሪ ፊርማ ነው፤ ለእኔ እናቴ ነች።

ያስፈራኝም ያለ ምክንያት አልነበረም። ባለፈው ሳምንት በሙከራ ጉዞ ላይ ሁለት ሰዎች ተሳፍረው ዝርዝሩ ውስጥ ጠፉ። ጸሐፊዋ «አስገብቻቸዋለሁ፣ ስልኩም ተመዝግቧል ብሎኛል» ብላ ማለች። አብሮኝ የሚሠራው ፌአኦ ይህን ሲሰማ ለምርመራው አዲስ ጥያቄ ጽፌያለሁ ብሎ ልኮብኝ ነበር።

እኛ ኮድ የምንመረምረው በጥያቄ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ራሱን የቻለ ፋይል ነው። አንዱ «የይለፍ ቃል በግልጽ የተጻፈበት ቦታ አለ ወይ?» ይላል፣ ሌላው ሌላ። መርማሪው ፕሮግራም ጥያቄዎቹን ይዞ ኮዱን ከላይ እስከ ታች ይጠይቀዋል። ያልተጠየቀውን ግን አይመልስም። ስለዚህ ዜሮ ሲመጣ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ ኮዱ ንጹሕ ነው፣ ወይ የሚገባው ጥያቄ አልተጠየቀም።

«ሴሚሲ!» አልኩ። ሴሚሲ ሹፌራችን ነው። ከሹፌርነቱ ይልቅ ግን በእኔና በፌአኦ ክፍል መካከል ሲመላለስ ነው የሚውለው። ፌአኦ የአባቴ ወንድም ልጅ ነው፤ በእኛ አገር ያ ወንድም ማለት ነው፤ ወንድምና እህት ደግሞ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይቀላለዱም፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት በሰው ፊት አያነሳም። ከተማው ውስጥ ይህን የተወ ሞልቷል። የእኛ ቤት ግን አልተወም፤ አራት ዓመት አንድ ቢሮ ስንሠራ በግድግዳ ተለይተን ነው። «ሂድና አዲሱን ጥያቄ የት እንዳስቀመጠው ጠይቅልኝ።»

ሴሚሲ ሄዶ መጣ። «በቦታው ነው ብሏል።»

«የት ቦታ?»

«እህቴ አትቸገር ብሏል።»

«አትቸገር የሚባል ቦታ አለ እንዴ?»

«እኔን ምን ትይኛለሽ? እኔ የማውቀው የመኪናዬን መለዋወጫ ነው! እሱ እንደሆነ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያወራው። ከፈለግሽ በጆሮው ይዤ ላምጣልሽ።»

«አፍህን ዝጋ!»

እናቴ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ትላለች። ትበል። እኔ ኮምፒውተሬ ላይ ወዳለው ጥቁር መስኮት ዞርኩ። እዚያ ምንም ሥዕል የለም፣ የሚጫኑት ነገርም የለም፤ ትእዛዝ ትጽፋለህ፣ ይመልሳል። አንድ የምወደው ትእዛዝ አለ፤ ምርመራ አይጀምርም፣ «ብትጀምር የትኞቹን ጥያቄዎች ነው የምትጠይቀው?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ጻፍኩት። ዘወትር አርብ የምንጠቀምበትን ዝርዝር ሰጠሁት። የፋይሎቹን አድራሻ አንድ በአንድ ደረደረልኝ። ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ።

እንደገና ጻፍኩ፤ አሁን ዝርዝሩን ትቼ ሙሉውን ፎልደር ሰጠሁት። አሥራ ሁለት!

«ና እስቲ» አልኩት ሴሚሲን፣ «አንተ የመጀመሪያውን አንብብ፣ እኔ ሁለተኛው ላይ ጣቴን አስቀምጣለሁ።» እየተንተባተበ አነበበ፣ እኔም እያሳለፍኩ ሄድኩ። መጨረሻ ላይ ጣቴ ሥር አንድ አድራሻ ቀረ። ከፈትኩት። የጻፈው ፌአኦ፣ ቀኑ ሰኞ። ሥራው፦ «ስህተት ተፈጥሮ ፕሮግራሙ በዝምታ የሚያልፍበትን ቦታ ይፈልጋል።» ከሥሩ ደግሞ አንድ ምልክት፦ «ለሙከራ ብቻ።» የአርቡ ዝርዝር ይህ ምልክት ያለበትን ሁሉ ይዘላል። ጥያቄው ግን ያለቀለት፣ ጥርት ብሎ የተሠራ ነበር። ሙከራ የሚመስል ነገር የለበትም።

ኮዱን በዚህ ጥያቄ ብቻ አስመረመርኩት። አንድ መልስ መጣ። መስመር ሁለት መቶ አሥራ አራት። የእኔ ኮድ።

ኔትወርክ ሲቋረጥ ፕሮግራሙ ስህተቱን ይይዝና ምንም ሳይናገር ያልፋል፤ ቀጥሎ ያለው መስመር «ተመዝግቧል» ብሎ ያሳያል። ስሙ የትም አልደረሰም፣ ጸሐፊዋ ግን «ቀጣይ!» ትላለች። እናቴም ምንጣፏን ተሸክማ ትሳፈራለች።

ያኔ ገባኝ። የአርብ ውጤት ትልቁ ስክሪን ላይ ነው የሚወጣው፣ ከስህተቱ ጎን ኮዱን የጻፈው ሰው ስም አለ። ወንድሜ እህቱን በአደባባይ ላለማሳፈር ጥያቄውን ከዝርዝሩ አስወጥቶታል።

«ሴሚሲ፣ ሰኞ ፌአኦ ስለ እኔ ኮድ ልኮብኝ ነበር እንዴ?»

«ነግሬሽ የለ? ‹እህቴ እጇ ይባረክ፣ በጣም ትደክማለች፣ ጊዜ ካገኘች ኮዷን አንዴ ብታየው ደስ ይለኛል› ብሏል ስልሽ፣ አንቺ ‹አመሰግናለሁ በለው› ብለሽ በቅጠል የተጠቀለለ ሉሽን መብላት ቀጠልሽ።»

ወይ ጉድ! እውነቱን ነው። ነገሩን በምስጋና ጠቅልሎ ጠቅልሎ ውስጡ ያለው ጠፋ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ቆሽቴ አረረ፤ በእሱም በራሴም። ወንድሜ ክፉ አላሰበም፤ እኔም ብሆን በእሱ ላይ ይህንኑ አደርግ ነበር። ክፉ ያላሰብን ሁለት ሰዎች አንዲት እናት ልናጠፋ ነበር።

«ለሙከራ ብቻ» የሚለውን አጠፋሁት። ያን ትእዛዝ ደግሜ ጻፍኩ፤ የአርቡ ዝርዝር አሁን አሥራ ሁለት አለ። ከዚያ ምርመራውን እዚያው ትልቁ ስክሪን ላይ አስጀመርኩት። «ስህተት፦ አንድ። ሌሲኤሊ።» ፌአኦ በሩ ላይ ብቅ አለና ስሜን ሲያይ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

«ሴሚሲ፣ ሄደህ እንዲህ በለው። እህትህ ታዝሃለች፤ ከዛሬ ጀምሮ የእኔን ስህተት ስታገኝ ሰው ፊት ትናገራለህ። ምስጋናም አትጨምርበት።» በእኛ ዘንድ እህት ከወንድም ትበልጣለች፤ ካዘዘች አዘዘች።

ሴሚሲ እየሳቀ ተመለሰ። «ከመቀመጫው ተነስቶ ቆሞ ነው እሺ ያለው።»

ሁለት መቶ አሥራ አራትን ለማስተካከል ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። እንደገና መረመርን። ዜሮ። ይኼኛው ዜሮ የእውነት ዜሮ ነው፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ተጠይቆ የመጣ። አዲሱን ኮድ ወደ ጸሐፊዋ ስልክ ላክሁ፣ ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ፈረምኩ። እፎይ! ከጠዋት ጀምሮ ሳልተነፍስ የቆየሁ መሰለኝ።

አሥር ሰዓት ላይ ወደቡ ላይ ነበርን። እናቴ ፊት፣ እኔ ከኋላዋ፤ ፌአኦ ምንጣፎቹን ተሸክሞ ራቅ ብሎ። ጸሐፊዋ የእናቴን ስም አስገብታ ነካ አደረገችው። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ቆረጥ አለ። ስልኩ ላይ በቀይ ተጻፈ፦ «አልተመዘገበም! እንደገና ይሞክሩ።»

«ይኸው ፕሮግራማችሁ!» አለች ጸሐፊዋ። «ገና በመጀመሪያው ቀን ተበላሸ!»

እኔ ሳቄ መጣ። እንባዬም መጣ። አለመመዝገቧን የነገረኝን ያን ቀይ ጽሑፍ ልስመው ምንም አልቀረኝም። ጸሐፊዋ እያጉረመረመች ደገመችው። ተመዝግቧል። ዝርዝሩን አሳይኝ አልኳት፤ የእናቴ ስም ሰባተኛ ላይ ቁጭ ብሏል።

«አንቺ ልጅ» አለች እናቴ፣ «ስምሽ አልገባም ሲሉኝ ነው የምትስቂው? ምን ነካሽ?»

ያኔ ከምንጣፉ ክምር ጀርባ ድምፅ መጣ። ፌአኦ ነው። ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ፣ ግን ጮክ ብሎ፣ ተሰላፊው ሁሉ እየሰማ፦

«እህቴ፣ ቀዩ ቀለም ያስጠላል። ሰው ያስደነግጣል።»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ሴሚሲ መኪናው ላይ ተደግፎ በሳቅ ሞተ። እኔም እንደ ወንድሜ ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞርኩና «እውነትህን ነው፣ ሰኞ አስተካክለዋለሁ» አልኩት።